ካርል ቴርዛጊና የተዳፋት ምሥጢር

ከደጀን ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርደው ጎዳና በየክረምቱ መሐንዲስን የሚፈትን ስፍራ ነው። ዝናቡ ሲበረታ አፈሩ ከነቋጥኙ ይንሸራተታል፤ አስፋልቱ ይሰነጠቃል፤ ደብረ ማርቆስን ከአዲስ አበባ የሚያገናኘውም መሥመር ይታወካል። እንዲህ ያለውን ናዳ ከግምት አውጥቶ ወደ ስሌት ያደረሰው ካርል ቴርዛጊ ነው።

ቴርዛጊ እ.ኤ.አ. በ1883 ዓ.ም. በፕራግ ከተማ ከመኮንን ቤተሰብ ተወለደ። በግራትስ መካኒካል ምሕንድስና አጥንቶ በ1904 ቢመረቅም፣ ልቡ ያደላው ወደ ጂኦሎጂ ነበር። በሥራ ላይ ሲሰማራ፣ ብረትና ኮንክሪት በሒሳብ ሲሰሉ የሚሸከማቸው አፈር ግን በልማድ ብቻ እንደሚገመት ተመለከተ፤ ይህም ጉድለት ዕረፍት ነሣው።

የጉድለቱ ዋጋ ከባድ ነበር። በፓናማ ቦይ ቁፋሮ የኩሌብራ ኮረብታ ደጋግሞ ተናደ። በ1918 ደግሞ በስዊድን አገር፣ ዬቶ በተባለ ስፍራ፣ ከብርቱ ዝናብ በኋላ ሐዲድ የተነጠፈበት የአፈር ቁልል ተደርምሶ ባቡር ወደቀ፤ ከ40 በላይ ሰዎችም አለቁ።

በዚያው ዓመት ቴርዛጊ በኢስታንቡል በሮበርት ኮሌጅ ማስተማር ጀመረ። የተሟላ ቤተ ሙከራ ስላልነበረው ራሱ በሠራቸው ቀላል መሣሪያዎች ሸክላ አፈርን እየተጫነ፣ ውሃው እንዴት ቀስ በቀስ እንደሚወጣ ለዓመታት ለካ። የድካሙንም ፍሬ በ1925 በቪየና በታተመው መጽሐፉ ገለጠ።

የደረሰበትም እውነት ይህ ነው። በረጠበ አፈር ላይ የሚያርፈውን ክብደት የአፈሩ ቅንጣቶችና በመካከላቸው ያለው ውሃ ይካፈሉታል፤ ጥንካሬ የሚገኘው ግን ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ከሚጫኑበት ኃይል ነው። ዝናብ ሰርጎ የውሃው ግፊት ሲያይል ይህ ኃይል ይቀንሳል፤ ተዳፋቱም ይከዳል። እንግዲህ የሐዲድም ሆነ የመኪና መንገድ ተዳፋት ሲናድ ግንብ መደርደር ብቻውን አይበቃም። ጎርፉን ከአናቱ በቦይ ማስቀየስ፣ ውስጡን ሰርስሮ ውሃውን ማንጠፍ፣ ግርጌውን በድንጋይ ማክበድ ያስፈልጋል።

ቴርዛጊ በ1936 የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ የአፈር ሜካኒክስ ጉባኤ በሊቀ መንበርነት መራ፤ በ1938 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በሃርቫርድ አስተማረ፤ በ1950ም የመሬት መንሸራተትን የሚመለከት ታላቅ ጥናት አሳተመ። የዓባይም ውሃ ከሕይወቱ አልራቀም። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ አማካሪዎች ሊቀ መንበር ሆኖ ሲሠራ፣ በንድፉ ጉዳይ ከሶቪየት መሐንዲሶች ጋር ባለመስማማቱ በ1959 ኃላፊነቱን ለቀቀ። ያላመነበትን ሥራ በስሙ ከማጽደቅ ክብሩን መተው መረጠ። በ1963 በማሳቹሴትስ ዐረፈ።

ስሌቱን የፈጠረው ይህ ሰው ስሌትን ብቻ ማመንን አጥብቆ ይነቅፍ ነበር። መሐንዲስ ስፍራውን በእግሩ እንዲረግጥ፣ ምንጩንና ስንጥቁን እንዲመዘግብ፣ መሬቱ የተለየ ጠባይ ባሳየ ጊዜም ንድፉን እንዲያርም ያስተምር ነበር። የኖራ ድንጋይ፣ ጂፕሰምና ሼል በተደራረቡበት በዓባይ ሸለቆ ይህ ትምህርት የቅንጦት አይደለም። በዚያ ተዳፋት ላይ ግንብ ከመገንባቱ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ፣ ውሃው ከወዴት ገብቶ በወዴት ይወጣል የሚለው ነው።