ሮጀር አስካምና የፍላጻው ላባ

ሮጀር አስካም እ.ኤ.አ. በ1515 አካባቢ በእንግሊዝ አገር በዮርክሻየር ተወለደ። በካምብሪጅ ቅዱስ ዮሐንስ ኮሌጅ ተምሮ እዚያው የግሪክ ቋንቋ አስተማረ። ቀስት መወርወር ስለሚወድ ግን ምሁር ሆኖ በጨዋታ ጊዜውን ይገድላል እየተባለ ይታማ ነበር።

እሱም ሐሜቱን በመጽሐፍ መለሰ። ምሁራን በላቲን በሚጽፉበት ዘመን፣ በ1545፣ «ቶክሶፊለስ»ን በእንግሊዝኛ አሳተመ። በውስጡ ስለ ላባ ብቻ ብዙ ጽፏል። የፒኮክ ላባ ለዓይን ቢያምርም ፍላጻን በደንብ አይመራም፤ ከሁሉም የሚሻለው ተራው የዝይ ላባ ነው ይላል። ላባውም ከፍላጻው ጋር መመጣጠን አለበት።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ትልቅ ላባ ፍላጻውን ቶሎ ያቀናዋል፣ ፍጥነቱን ግን ይቀንሰዋል። ስለዚህ ዛሬም፣ ፕላስቲክ ላባ በመጣበት ዘመን፣ ሰፊ ስለት ያለው የአዳኝ ፍላጻ ተለቅ ያለ ላባ ይፈልጋል፤ ለዒላማ ውድድር ደግሞ ትንሹ ይመረጣል።

ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ በመጽሐፉ ተደስቶ በዓመት 10 ፓውንድ ቆረጠለት። አስካም ከ1548 ጀምሮ ኤልሳቤጥን፣ የኋላዋን ንግሥት፣ አስተማረ፤ በ1568 ሞተ። ጠመንጃ ቀስትን ከጦር ሜዳ ቢያስወጣውም፣ እንደ ጨዋታ የተናቀው ነገር ለትምህርት እንደሚበቃ አሳይቶ አልፏል።