ቪንዬ፡ በገበሬው ቋንቋ ስለ መንግሥት የጻፈው ኖርዌያዊ ጋዜጠኛ

በአውሮፓውያኑ ኦክቶበር 10 ቀን 1858፣ በያኔዋ ክሪስቲያንያ በዛሬዋ ኦስሎ፣ አንዲት አነስተኛ ሳምንታዊ ጋዜጣ ለንባብ በቃች። ስሟ ዶለን ይባላል፤ የሸለቆው ሰው ማለት ነው። አዘጋጇም፣ ጸሐፊዋም፣ ገጣሚዋም ከሞላ ጎደል አንድ ሰው ነበር፤ ኦስሙንድ ኦላቭሰን ቪንዬ።

ጋዜጣዋን ከሌሎቹ የለያት ቋንቋዋ ነው።

ኖርዌይ ለአራት መቶ ዓመታት ያህል በዴንማርክ ነገሥታት ሥር ቆይታለች። በ1814 ከዴንማርክ ተለይታ ከስዊድን ጋር በአንድ ንጉሥ ሥር ብትዋሐድም፣ የጽሕፈት ቋንቋዋ ዴንማርክኛ እንደሆነ ቀጠለ። ገበሬው በቤቱ የሚናገረው ሌላ፣ በወረቀት ላይ የሚያነበው ሌላ ነበር። ይህን ለመለወጥ የተነሣው የቋንቋ ሊቅ ኢቫር ኦሰን፣ ከገጠር ዘዬዎች ያጠናቀረውን ሰዋስው በ1848፣ መዝገበ ቃላቱን ደግሞ በ1850 አሳተመ። ሆኖም ቋንቋው የዕለት ተዕለት ጉዳይ የሚጻፍበት ጋዜጣ ያስፈልገው ነበር።

ቪንዬ በ1818 በተራራማው የቴሌማርክ ግዛት ከድኻ ጭሰኛ ቤተሰብ ተወለደ። በማንዳል ከተማ መምህር ሳለ የትምህርት ቤቱን አስተዳደር በጋዜጣ በመተቸቱ በ1848 ከሥራው ተሰናበተ። ወደ ዋና ከተማዋ አቅንቶም ከኋለኛው ዝነኛ ጸሐፌ ተውኔት ሄንሪክ ኢብሰን ጋር ተወዳጀ፤ በ1851ም ከእርሱና ከሌላ ባልደረባቸው ጋር ዕድሜዋ ያጠረ ሳምንታዊ መጽሔት አዘጋጀ። ሕግ አጥንቶ ተመረቀ፤ ለድራመን ከተማ ጋዜጣም በዴንማርክኛ ይዘግብ ነበር።

በዶለን ግን ወደ ሸለቆው አንደበት ተመለሰ። ቋንቋውን ለተረትና ለዘፈን ብቻ አልተወውም። ስለ ፓርላማ ክርክር፣ ስለ ውጭ ፖለቲካ፣ ስለ ሕግና ስለ ፍልስፍና ጻፈበት። በ1860 የንጉሥ ካርል 15ኛን ሥርዓተ ንግሥ ለማየት ወደ ትሮንድሄም፣ አብዛኛውን መንገድ በእግሩ፣ ተጓዘ፤ የጉዞ ማስታወሻውም እስከ ዛሬ ይነበባል። በሮንዳነ ተራሮች ፊት የጻፈውን ግጥም ኤድቫርድ ግሪግ በኋላ ዜማ አበጀለት።

ቪንዬ ነገርን ሁሉ ከሁለት ወገን ማየት ይወድ ነበር። ሹማምንቱን ሲያፌዝባቸው ገበሬውንም አይምርም። በዚህም ወዳጅ ከማፍራት ይልቅ ጠላት ማብዛቱ አልቀረም። ጋዜጣዋም በገንዘብ እጦት በተደጋጋሚ ተቋረጠች።

በ1865 በፍትሕ ሚኒስቴር በዝቅተኛ የጸሐፊነት ሥራ ተቀጠረ። መንግሥትን መተቸቱን ግን አላቆመምና በ1868 እንጀራውን ዳግም አጣ። በ1869 ሮሳ ከተባለች ሴት ጋር ትዳር መሠረተ። በቀጣዩ ዓመት የጸደይ ወቅት ሮሳ ወንድ ልጅ ተገላግላ ሕይወቷ አለፈ። ቪንዬም በሆድ ዕቃ ካንሰር ታምሞ ጁላይ 30 ቀን 1870፣ በ52 ዓመቱ አረፈ። ዶለንም ከእርሱ ጋር አበቃች።

ከ15 ዓመታት በኋላ፣ በ1885፣ የኖርዌይ ፓርላማ ያን የገጠር ቋንቋ ከዴንማርክኛው የጽሕፈት ቋንቋ ጋር እኩል አደረገው። ዛሬ ኒኖሽክ እየተባለ ይጠራል። በምዕራብ ኖርዌይ ሸለቆዎችና የባሕር ሰርጦች የሚታተሙ በርካታ ትናንሽ የአካባቢ ጋዜጦች፣ የማዘጋጃ ቤቱን ስብሰባና የመንደሩን ወሬ ለአንባቢዎቻቸው የሚያደርሱት በዚሁ ቋንቋ ነው።