ቅዱስ ፊልጶስ ኔሪ፦ ሮማን በእግሩ ያወቃት ካህን

ቅዱስ ፊልጶስ ኔሪ በሐምሌ ወር 1515 በጣልያን አገር በፊረንዜ ከተማ ተወለደ፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው። አባቱ ፍራንቸስኮ የውል ጸሐፊ ነበር። እናቱ ሉክሬዝያ ልጁ ገና ሕፃን ሳለ ዐረፈች። የቅዱስ ማርቆስ ገዳም ዶሚኒካውያን መነኮሳት በልጅነቱ ጸሎትንና ምግባርን ስላስተማሩት ውለታቸውን እስከ ዕለተ ሞቱ አልዘነጋም።

ዕድሜው 18 ዓመት ገደማ ሲሆን ከሞንተ ካሲኖ ገዳም ግርጌ በምትገኘው በሳን ጀርማኖ ከተማ ወደሚነግድ ዘመዱ ተላከ። ዘመዱ ልጅ ስላልነበረው ንግዱንና ሀብቱን ሊያወርሰው አስቦ ነበር። ፊልጶስ ግን ብዙም ሳይቆይ ርስቱን ትቶ ባዶ እጁን ወደ ሮማ አቀና። በዚያም ጋሌዮቶ ካቻ የተባለ የፊረንዜ ተወላጅ ሁለቱን ልጆቹን እንዲያስተምርለት አንዲት ትንሽ ክፍል ሰጠው። ምግቡ ዳቦና የወይራ ፍሬ፣ መጠጡም ውሃ ነበር። ፍልስፍናና ነገረ መለኮት ለጥቂት ዓመታት ከተማረ በኋላ መጻሕፍቱን ሽጦ ገንዘቡን ለድሆች ሰጠ።

ፊልጶስ የደረሰባት ሮማ ዛሬ ጎብኚዎች የሚያደንቋት ሮማ አልነበረችም። በ1527 የንጉሠ ነገሥት ካርሎስ 5ኛ ወታደሮች ዘርፈዋትና አቃጥለዋት ስለ ነበር ቁስሏ ገና አልሻረም። አሮጌው የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በከፊል ፈርሶ፣ አዲሱም ሳይጠናቀቅ ቆሞ ይታይ ነበር። በጥንቱ ቅጥር ውስጥ ሳይቀር ሰፊው መሬት የወይን ተክልና የፍርስራሽ ክምር ነበር። ወጣቱ ፊልጶስ ይህችን ከተማ ያለ መሪና ያለ ጓደኛ፣ ብዙውን ጊዜም በሌሊት፣ በእግሩ እየዞረ አወቃት። ከአንዱ ቤተ ክርስቲያን ወደ ሌላው ይሄዳል፤ በሩ ተዘግቶ ሲያገኘው በደጀ ሰላሙ ቆሞ ይጸልያል። ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ግን በአፕያ ጎዳና ላይ የሚገኘውን የቅዱስ ሴባስቲያንን ካታኮምብ፣ ማለትም የጥንት ክርስቲያኖች የተቀበሩበትን የምድር ውስጥ ዋሻ ነበር። በሳላርያ ጎዳና የተቀበሩት ሌሎች ዋሻዎች በአጋጣሚ ተገኝተው የሕዝቡን ትኩረት የሳቡት በ1578 ስለ ሆነ፣ ፊልጶስ በዚያ ጨለማ ውስጥ ሲጸልይ የሚያስታውሳቸው ጥቂቶች ነበሩ። በ1544 በጰራቅሊጦስ በዓል ዋዜማ በዚያው ሲጸልይ እንደ እሳት ያለ ነገር ወደ ልቡ እንደ ገባ ተሰማው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ደረቱ በግራ በኩል አብጦ ኖረ፤ በጸሎት ጊዜም ልቡ በኃይል ይመታ ነበር።

ቅዱስ ፊልጶስ ሲነሣ ብዙ ሰዎች ቀልዱን ያስታውሳሉ፤ ሰዎች እንዳያከብሩት ጢሙን በግማሽ ተላጭቶ በአደባባይ መታየቱን ይተርካሉ። ታሪኩ ደስ ያሰኛል። ይሁን እንጂ ሰውየውን ይበልጥ የሚገልጸው እግሩ ይመስለናል። በ1548 ከንስሐ አባቱ ከፐርስያኖ ሮዛ ጋር ሆኖ የቅድስት ሥላሴን የነጋድያን ማኅበር ያቋቋመው፣ ደክመውና እግራቸው ቆስሎ ሮማ የሚደርሱ መንፈሳውያን ተጓዦች ማደሪያ እንደሌላቸው በየመንገዱ ስላየ ነው። በ1550 የኢዮቤልዩ ዓመት የማኅበሩ አባላት ነጋድያንን ተቀብለው እግራቸውን አጠቡ፣ አበሉ፣ አሳደሩም። በግንቦት 23 ቀን 1551 ሥልጣነ ክህነት ተቀብሎ በሳን ጂሮላሞ ቤተ ክርስቲያን ማናዘዝ ጀመረ፤ ወጣቶችም በክፍሉ ይሰበሰቡ ነበር።

የቅዱስ ፍራንቸስኮስ ሳቬርዮስ መልእክቶች ከእስያ ሲመጡ ፊልጶስና ጓደኞቹ አብረው ያነቧቸው ነበር። በ1557 ገደማ ወደ ህንድ ሄዶ ወንጌልን ለመስበክ፣ ቢቻልም ደሙን ለማፍሰስ ቆረጠ። ነገር ግን በራሱ ሐሳብ ብቻ አልተነሣም፤ ቅዱስ ጳውሎስ አንገቱ በተቀላበት ስፍራ በትሬ ፎንታኔ ገዳም የሚኖር አንድ የሲታውያን መነኵሴ ዘንድ ሄዶ ምክር ጠየቀ። መነኵሴው ከጸለየ በኋላ ህንዱ ሮማ ራሷ እንደ ሆነች ነገረው። ፊልጶስ ቃሉን ተቀበለ፤ ከዚያም በኋላ የሮማን አካባቢ ለቅቆ ሳይርቅ ኖረ። ለእንዲህ ያለ ሰው ይህ ቀላል መሥዋዕት አልነበረም።

ብቻውን ይዞረው የነበረውን የሰባቱን አብያተ ክርስቲያናት መንገድም ለሌሎች ከፈተው። የዐቢይ ጾም ቅበላ ሲደርስ ሮማ በካርኒቫል ጭፈራ፣ በጭንብልና በፈረስ ግልቢያ ትናወጥ ነበር። ፊልጶስ ወጣቶቹን ከመገሠጽ ይልቅ የተሻለ ደስታ አዘጋጀላቸው። ጉዞው በዋዜማው ምሽት በቅዱስ ጴጥሮስ ይጀመራል። በማግሥቱ ማለዳ ከቅጥር ውጭ ካለው ከቅዱስ ጳውሎስ ተነሥተው በወይን ተክሎች መካከል ወደ ቅዱስ ሴባስቲያን ይሄዳሉ። በኋለኞቹ ዓመታት በቼልዮ ኮረብታ በማቴይ ቤተ ሰብ የአትክልት ስፍራ ሣር ላይ ተቀምጠው ዳቦ፣ እንቁላል፣ አይብ፣ ፖምና ጥቂት ወይን ይካፈሉ ነበር፤ መዘምራንም ያዜማሉ። ከዚያ ቅዱስ ዮሐንስ ዘላተራን፣ ቅዱስ መስቀል ዘኢየሩሳሌም፣ ቅዱስ ሎሬንሶና ታላቋ ቅድስት ማርያም በተራ ይጎበኛሉ። ጉዞው በጠቅላላው ወደ 20 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። በጥቂት ጓደኞች የተጀመረው ነገር መኳንንትና የእጅ ባለ ሙያዎች ጎን ለጎን የሚጓዙበት የብዙ መቶዎች፣ ኋላም የሺህዎች ጉዞ ሆነ።

ይህ ብዛት ጥርጣሬን አስነሣ። በ1559 በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 4ኛ ዘመን፣ የሮማ እንደራሴያቸው የነበሩት ካርዲናል ሮዛርዮ ፊልጶስን አስጠርተው ክብር ፈላጊና የአዲስ ወገን መሥራች ነው ብለው ወቀሱት፤ ለ15 ቀን እንዳያናዝዝ፣ ሕዝብንም አስከትሎ እንዳይሄድ ከለከሉት። ፊልጶስ አልተከራከረም፤ ተከታዮቹም እንዳያጉረመርሙ አስጠነቀቀ። የሚወዱት ግን መንገዱን ይጠብቁና ድንገት እንደተገናኙ መስለው ከኋላው ይከተሉት ነበር። ካርዲናሉ ብዙም ሳይቆዩ በድንገት ዐረፉ፤ ነገሩ ተመርምሮም ፊልጶስ ነጻ ሆነ፤ ጉዞውም ቀጠለ።

በ1575 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 13ኛ የኦራቶርዮን ማኅበር አጸደቁ፤ በቫሊቸላ የምትገኘውንም የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሰጡት። አሮጌዋ ፈርሳ እንደ ገና ስለ ተሠራች ሕዝቡ እስከ ዛሬ አዲሲቱ ቤተ ክርስቲያን ይላታል።

ዛሬ ሮማን የሚጎበኝ ምእመን ካርታ በእጁ ይዞ ይህን መንገድ በራሱ ሊሄደው ይችላል። መነሻው ላይ ለእኛ የቀረበ አንድ ስፍራ አለ፤ ከቅዱስ ጴጥሮስ በስተጀርባ በቫቲካን ቅጥር ውስጥ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ቆሟል። ፊልጶስ የነጋድያንን ማኅበር ሲያቋቁም፣ በዚያ ይኖሩ የነበሩት አባ ተስፋ ጽዮን የግዕዙን ሐዲስ ኪዳን በ1548 እና 1549 በሮማ ያሳትሙ ነበር። በቀረው መንገድ ላይ የሚታየው ሁሉ ፊልጶስ ያየው አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ በ1823 ተቃጥሎ እንደ ገና የተሠራ ነው፤ ቅዱስ ሎሬንሶም በሐምሌ 19 ቀን 1943 በቦምብ ተመትቶ የታደሰ ነው። የቅዱስ ሴባስቲያን ዋሻ ግን ዛሬም ምእመናንን ይቀበላል።

በግንቦት 25 ቀን 1595 የቅዱስ ሥጋ ወደሙ በዓል ነበር። የ79 ዓመቱ ሽማግሌ በዚያ ቀን ቀደሰ፣ ሰዎችን አናዘዘ፣ እንግዶችንም ተቀበለ፤ ሌሊቱ ሳይነጋ ዐረፈ። ሐኪሞች አስከሬኑን ሲመረምሩ በልቡ አጠገብ ያሉ ሁለት የጎድን አጥንቶች ተሰብረው ወደ ውጭ ጎብጠው አገኙ። በመጋቢት 12 ቀን 1622 ከቅዱስ ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ፣ ከቅዱስ ፍራንቸስኮስ ሳቬርዮስ፣ ከቅድስት ተሬዛ ዘአቪላና ከገበሬው ቅዱስ ኢሲዶሮ ጋር ቅድስናው ታወጀ። ዐፅሙ በአዲሲቱ ቤተ ክርስቲያን ያርፋል። ከቅዱስ ጳውሎስ ወደ ቅዱስ ሴባስቲያን የሚወስደውም ጎዳና የሰባቱ አብያተ ክርስቲያናት መንገድ ተብሎ ይጠራል።