የከተማን ጩኸት ወደ ሙዚቃ መድረክ ያወጣው ሩሶሎ

ሉዊጂ ሩሶሎ እ.ኤ.አ. በ1885 በሰሜን ምሥራቅ ጣሊያን በምትገኘው ፖርቶግሩዋሮ ተወለደ። አባቱ ኦርጋን ተጫዋች ነበሩ፤ ወንድሞቹም ሙዚቃ ተማሩ። እርሱ ግን ወደ ሥዕል አዘነበለ፤ በሚላን ከተማ ሳለም በ1910 ፉቱሪስት በመባል ከሚታወቁት የኪነ ጥበብ ሰዎች ጋር ተቀላቀለ።

ስሙን ያስጠራለት ግን ብሩሹ አይደለም። በመጋቢት 1913 ለሙዚቃ ደራሲው ባሊላ ፕራቴላ በተጻፈ ደብዳቤ መልክ የጫጫታ ጥበብ የተሰኘውን መግለጫ አወጣ። በዚህም የመኪናና የፋብሪካ ድምፅ ለለመደ ጆሮ የተለመደው ኦርኬስትራ እንደጠበበ በመከራከር፣ ጫጫታን በስድስት ቤተሰብ ከፈለ።

መግለጫው በወረቀት ላይ አልቀረም። ሩሶሎ ከሠዓሊው ኡጎ ፒያቲ ጋር ኢንቶናሩሞሪ የተባሉትን መሣሪያዎች ሠራ። መሣሪያው ትልቅ መለከት የተገጠመለት የእንጨት ሣጥን ነው። እጀታው ሲዞር በውስጡ ያለው መንኮራኩር ክሩን ይፈትጋል፤ ንዝረቱ ወደተወጠረ ቆዳ ተላልፎ በመለከቱ ይወጣል። ማንሻው ክሩን ሲያጠብቅና ሲያላላ ድምፁ ይቀጥናል ወይም ይወፍራል። ማሲንቆን ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም፤ የደጋኑን ሥራ መንኮራኩሩ ተክቶታል። ከመሣሪያዎቹ የሚያጓራ፣ የሚያፏጭ፣ የሚንጣጣና እንደ ውኃ የሚንቆረቆር ይገኝባቸው ነበር።

ሚያዝያ 1914 በሚላኑ ዳል ቬርሜ ቴአትር 18 መሣሪያዎች ለሕዝብ ቀረቡ። ታዳሚው ከመጀመሪያው አንስቶ በጩኸትና በፉጨት ተቃወመ። የሩሶሎ ጓደኞች ከመድረክ ወርደው ከተመልካቹ ጋር ቡጢ ሲሰናዘሩ፣ እርሱ ኦርኬስትራውን መምራቱን አላቋረጠም። በዚያው ዓመት ሥራውን ወደ ለንደን ወሰደ።

ፉቱሪስቶች ጦርነትን ያወድሱ ነበር፤ ሩሶሎም በፈቃደኝነት ዘመተ። በ1917 መጨረሻ በግንባር ጭንቅላቱ ላይ ክፉኛ ቆስሎ ለረጅም ጊዜ ታከመ። ይሁንና በ1921 በፓሪስ ሦስት ኮንሰርቶችን አቀረበ። በኋላም የተለያዩ ጫጫታዎችን በአንድ መሣሪያ የሚያቀናጀውን ሩሞራርሞኒዮን ሠርቶ ድምፅ አልባ ፊልሞችን አጀበበት፤ ፊልም ራሱ ድምፅ ሲያወጣ ግን ይህ የሥራ ዘርፍ ተዘጋ። በ1933 ወደ ጣሊያን ተመልሶ በማጆሬ ሐይቅ ዳርቻ ኖረ፤ ወደ ሥዕሉም ተመልሶ በ1947 አረፈ።

ከመሣሪያዎቹ አንዱም አልተረፈም። በ2009 አሜሪካ ውስጥ 16ቱ እንደገና ተሠርተው ተደምጠዋል። ከዘመኑ የተገኘው ድምፅ ግን ወንድሙ አንቶኒዮ በ1920ዎቹ ያስቀረጸው አንድ ሸክላ ብቻ ነው፤ በእርሱም ላይ ጫጫታው የሚሰማው ያ ጠበበ በተባለው በተለመደው ኦርኬስትራ ታጅቦ ነው።