ማክፋርሌን በርኔት፤ ቫይረስ ወደ ሕዋስ የሚገባበትን በር የመረመሩ ሊቅ

በአገራችን ታሪክ የኅዳር በሽታ እየተባለ የሚታወሰው፣ በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን በለቅሶ የሞላው ወረርሽኝ፣ በዚያው ዘመን በዓለም ላይ በሚሊዮን የሚቈጠር ሕዝብ የፈጀው የኢንፍሉዌንዛ በሽታ ነበር። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስቦ የማቃጠል ልማድ ከዚያ ዘመን የተረፈ መታሰቢያ ነው። በዚያን ጊዜ ሕዝቡ በሽታውን በጢስ ለማባረር መጣጣሩ የሚያስገርም አይደለም፤ የታላላቆቹ አገሮች ሐኪሞችም ቢሆኑ የበሽታውን መንሥኤ አያውቁም ነበርና። ብዙዎቹ አንድ ባክቴሪያን ይከሱ ነበር፤ እውነተኛው መንሥኤ ቫይረስ መሆኑ የተረጋገጠው ከ15 ዓመታት በኋላ ነው።

መንሥኤው ከታወቀ በኋላ ግን ሌላ ጥያቄ ተከተለ። ይኸውም፣ በራሱ መንቀሳቀስም ሆነ መራባት የማይችል ይህን የመሰለ ረቂቅ ነገር የመተንፈሻ አካልን ሕዋስ በምን ይይዘዋል? እንዴትስ አድርጎ ወደ ውስጥ ይዘልቃል? የሚል ነበር። ለዚህ ጥያቄ መልስ መንገድ ከጠረጉት ሰዎች አንዱ አውስትራሊያዊው ሰር ፍራንክ ማክፋርሌን በርኔት ናቸው።

የአንድ የሕክምና ሊቅ ታሪክ በመሐንዲሶች መጽሔት ላይ ለምን ይወጣል የሚል ባልደረባ ቢኖር፣ መልሱ ይህ ነው። በርኔት ዕድሜያቸውን ያሳለፉት በዘመኑ ከነበሩት የሳይንስ ማዕከሎች እጅግ ርቆ በሚገኝ ከተማ፣ በእንቁላልና በመስታወት ቱቦ ሲሠሩ ነው። በእንዲህ ያለ ስፍራና በእንዲህ ያለ መሣሪያ ምን ያህል ሥራ ሊሠራ ይችላል የሚለው ጥያቄ የእኛም ጥያቄ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በርኔት በቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት፣ ትራራልጎን በምትባል ትንሽ ከተማ መስከረም 3 ቀን 1899 ተወለዱ። አባታቸው ከስኮትላንድ የመጡ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ነበሩ። በርኔት በልጅነታቸው ከሰው ጋር መዋልን የማይደፍሩ ዓይነ አፋር ሲሆኑ፣ ደስታቸው በየሜዳው እየዞሩ ጥንዚዛ መሰብሰብና በየወገኑ መለየት ነበር። ይህ የመለየትና የመደርደር ጠባይ ከጊዜ በኋላ በሳይንስ ሥራቸው ሁሉ ታይቷል። በሜልቦርን ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምረው በ1922 ተመረቁ፤ ብዙም ሳይቆዩ በዚያው ከተማ በሚገኘው በዋልተርና ኤላይዛ ሆል የምርምር ተቋም ሥራ ጀመሩ።

ከ1925 እስከ 1927 ወደ ለንደን ተልከው በሊስተር ተቋም ባክቴሪያን ስለሚያጠቁ ቫይረሶች አጠኑ። በተመለሱ ማግሥት፣ በ1928፣ ባንዳበርግ በምትባል ከተማ የዲፍቴሪያ ክትባት የተሰጣቸው 12 ሕፃናት ሞቱ። በርኔት ክትባቱ ስታፊሎኮከስ በሚባል ባክቴሪያ ተበክሎ እንደነበር መርምረው ካረጋገጡት ባለሙያዎች አንዱ ነበሩ። በ1931 ደግሞ ከዶክተር ጂን ማክናማራ ጋር ሆነው የልጅነት ልምሻን የሚያመጣው ቫይረስ ከአንድ ዓይነት በላይ መሆኑን አሳዩ።

በ1932 ለሁለተኛ ጊዜ ወደ ለንደን ሄደው በሃምስቴድ በሚገኘው ብሔራዊ የሕክምና ምርምር ተቋም ሲሠሩ፣ በ1933 የተቋሙ ሊቃውንት ዊልሰን ስሚዝ፣ ክሪስቶፈር አንድሩስና ፓትሪክ ሌድሎ የሰውን ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ለመጀመሪያ ጊዜ ለይተው አወጡ። በርኔት ወደ አገራቸው ሲመለሱ ይህን ቫይረስ የሕይወታቸው ዋነኛ ጥናት አደረጉት። ቫይረስ በሕይወት ባለ ሕዋስ ውስጥ ካልሆነ አይራባም፤ ለዚህም በርኔት ጽንስ የያዘ የታቀፈ የዶሮ እንቁላልን መረጡ። እንቁላል ርካሽ ነው፣ በየስፍራው ይገኛል፣ ንጹሕ በሆነ ቅርፊት የታሸገ ነው። ቅርፊቱን በጥንቃቄ በስቶ ቫይረሱን በጽንሱ ዙሪያ ባለው ውሃ ውስጥ መጨመር ነው። ይህን ዘዴ የጀመሩት ሌሎች ቢሆኑም፣ ለኢንፍሉዌንዛ አስተካክለው ለዓለም ቤተ ሙከራዎች ካስፋፉት ሰዎች ግንባር ቀደሙ በርኔት ናቸው።

በ1941 ኒው ዮርክ የሚሠሩት ጆርጅ ኸርስት አንድ ነገር አስተዋሉ። ቫይረስ ያለበት የእንቁላል ውሃ በድንገት ከጫጩቱ ደም ጋር ሲቀላቀል፣ ቀይ የደም ሕዋሳት እርስ በርሳቸው ተያይዘው ተጓጎሉ። ቫይረሱ በአንድ ጊዜ ሁለት ሕዋሳትን እየያዘ እንደ ድልድይ ያገናኛቸው ነበር። ይህ ግኝት በዓይን የማይታየውን ቫይረስ ለመለካት አስቻለ፤ ፈሳሹን በእጥፍ በእጥፍ እያቀጠኑ እስከየትኛው ቱቦ ድረስ ደሙ እንደሚጓጎል መቁጠር ብቻ ይበቃል። ኸርስት በተከታዩ ዓመት ከዚህ የሚበልጥ እንግዳ ነገር ጨመሩ። ቫይረሱ በብርድ ሕዋሱን አጥብቆ ይይዛል፤ ሙቀቱ ወደ ሰው ገላ ሙቀት ከፍ ሲል ግን ይለቀዋል። የተለቀቀው ሕዋስ ከዚያ በኋላ በዚያው ቫይረስ አይጓጎልም፤ ቫይረሱ ግን ምንም ሳይጎድልበት አዲስ ሕዋስ ለመያዝ ይችላል።

ብዙዎች ቫይረሱ ሕዋሱን መያዙን ሲያጠኑ፣ በርኔት መልቀቁን በብርቱ ተመራመሩበት። ሕዋሱ ከተለቀቀ በኋላ ዳግመኛ የማይያዝ ከሆነ፣ ከገጹ ላይ አንድ ነገር ተወስዷል ማለት ነው። የወሰደው ቫይረስ ሳይለወጥ ከቀረ ደግሞ፣ ቫይረሱ እንደ ኢንዛይም ሠርቷል ማለት ነው። በ1946 ከማክሪና ከጆይስ ስቶን ጋር ሆነው ልዩ ልዩ ቫይረሶች የሰውን ቀይ የደም ሕዋስ ተራ በተራ እንዲነኩ በማድረግ፣ አንዱ የነካው ሕዋስ ለየትኞቹ ቫይረሶች እንደማይያዝና ለየትኞቹ ገና እንደሚያዝ በቅደም ተከተል ደረደሩ። የጥንዚዛው ልጅ ጠባይ እዚህ ላይ ጠቀመ።

ከዚያም የኮሌራ ባክቴሪያ ካደገበት ፈሳሽ ተጣርቶ የወጣ ንጥረ ነገር ያንኑ ሥራ እንደሚሠራ አገኙ። በዚህ ፈሳሽ የታጠበ ሕዋስ ገጹ ላይ ያለው ማያያዣ ስለሚጠፋ፣ የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ የሚይዘው ነገር ያጣል። በርኔትና ስቶን ይህን ንጥረ ነገር ተቀባይን የሚያጠፋ ኢንዛይም ብለው ሰየሙት። ስቶን በእንቁላልና በአይጥ ላይ ሞክረው፣ ኢንዛይሙ አስቀድሞ ከተሰጠ ቫይረሱ እንደሚገታ አሳዩ። በሩ ላይ ያለው እጀታ ከተነቀለ መግባት ያዳግታል ማለት ነው። የእጀታው ማንነት በኬሚስትሪ የታወቀው ግን በ1950ዎቹ ሲሆን፣ ለዚህ ድርሻ ካላቸው አንዱ ከናዚ ጀርመን ተሰደው ሜልቦርን የገቡት አልፍሬድ ጎትሻልክ ናቸው። ሲያሊክ አሲድ የተባለው ስኳር ነክ ንጥረ ነገር የቫይረሱ መያዣ መሆኑ፣ ኢንዛይሙም ይህንኑ ቆርጦ የሚጥለው ኒውራሚኒዴዝ መሆኑ ተረጋገጠ።

የበርኔት ሥራ ሁሉ ግን አልተሳካም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ያዘጋጁት፣ በአፍንጫ የሚሰጥ የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ክትባት በአውስትራሊያ ወታደሮች ላይ ተሞክሮ አጥጋቢ ውጤት ባለማስገኘቱ ቀረ። ስለ ኢንዛይሙ የነበራቸው ሐሳብም ሙሉ አልነበረም። ከእርሳቸው በኋላ የተደረጉ ጥናቶች፣ የኢንዛይሙ ዋነኛ ጥቅም በሕዋሱ ውስጥ የተባዙት አዲስ ቫይረሶች ከሕዋሱ ገጽ ተላቀው እንዲወጡ ማድረግ መሆኑን አሳይተዋል። ቫይረሱ ከተያያዘ በኋላ ሕዋሱ ራሱ በከረጢት ጠቅልሎ እንደሚያስገባው፣ በከረጢቱ ውስጥ ያለው አሲድ ደግሞ የቫይረሱን ሽፋን ከከረጢቱ ግድግዳ ጋር እንደሚያዋሕደው የታወቀውም በሌሎች ትውልድ ተመራማሪዎች ነው።

በ1944 በርኔት ንግግር እንዲያደርጉ ወደ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተጋብዘው ሳለ የፕሮፌሰርነት ወንበር ቀረበላቸው። ያን የመሰለ ሹመት እምቢ የሚል ጥቂት ነው። እርሳቸው ግን ወደ ሜልቦርን ተመልሰው በዚያው ዓመት የተቋማቸው ዲሬክተር ሆኑ፤ እስከ 1965ም በዚያው ሹመት ቆዩ። ዲሬክተር ከሆኑም በኋላ በገዛ እጃቸው ቤተ ሙከራ ውስጥ መሥራትን አልተውም። በ1951 ለጥንቸል ማጥፊያ የተለቀቀው ቫይረስ የሰውን አንጎል የሚያሳብጥ በሽታ አምጥቷል የሚል ሥጋት በሕዝብ መካከል ሲነሣ፣ በርኔት፣ ፍራንክ ፌነርና ኢያን ክሉኒስ ሮስ ያንን ቫይረስ በራሳቸው ገላ ላይ ተወግተው ጤነኞች መሆናቸውን አሳዩ።

በ1957 የተቋሙን ሥራ ከቫይረስ ወደ ሰውነት በሽታን የመከላከል ኃይል ጥናት አዞሩት። በዚህ ረገድ ባበረከቱት ሐሳብ በ1960 ከፒተር ሜዳዋር ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። በዕድሜያቸው መጨረሻ ላይ የሞለኪውል ባዮሎጂ ለሕክምና ብዙ አይጠቅምም ብለው መጻፋቸውን ግን ጊዜ አልደገፈላቸውም። ነሐሴ 31 ቀን 1985 ዐረፉ።

በ1983 በአውስትራሊያ ቫርጊስ፣ ሌቨርና ኮልማን የኒውራሚኒዴዝን ቅርጽ በኤክስሬይ ለይተው አሳዩ። ቅርጹንም መሠረት በማድረግ ሜልቦርን ላይ የኢንዛይሙን ሥራ የሚያግድ ዛናሚቪር የተባለ መድኃኒት ተነድፎ በ1999 ለሕሙማን ተፈቀደ። በርኔት ይህን ኢንዛይም የሚገታ ነገር ቢገኝ ኢንፍሉዌንዛን ለመከላከል እንደሚረዳ ቀድመው በ1940ዎቹ መጨረሻ ጠቁመው ነበር። ከኮሌራ ባክቴሪያ ያገኙት ኢንዛይምም የኢንፍሉዌንዛ ቤተ ሙከራዎች የደም ውሃን ለምርመራ ሲያዘጋጁ እስከ ዛሬ ይሠሩበታል።

ከዚህ ታሪክ ቀላል መሣሪያ ይበቃል የሚል ትምህርት ብቻ ብንወስድ ግማሹን እንስታለን። በርኔት ሁለት ጊዜ ወደ ለንደን ተልከዋል፤ ሁለት ጊዜም ተመልሰዋል። የተመለሱት ደግሞ ወደ ባዶ ቤት ሳይሆን ቋሚ በጀት፣ ብቁ ረዳቶችና የሚያምናቸው አለቃ ወደነበረበት ተቋም ነው። ሃርቫርድን እምቢ ለማለት ያስቻላቸው የአገር ፍቅር ብቻ አልነበረም፤ የሚመለሱበት ሥራ ነበራቸው። ባለሙያ ለምን ከአገሩ ይወጣል እያልን በየጉባኤያችን የምናዝን የማኅበራችን አባላት፣ ሐዘናችንን ለጊዜው ገታ አድርገን፣ የሚመለስ ሰው ምን ዓይነት ቤት ይጠብቀዋል ብለን ብንጠይቅ ይበጃል። እንዲህ ያለውን ቤት መሥራት ደግሞ የእኛው ሙያ ነው።