የታመነው መልእክተኛ
ማርቲን ፍላድ ከጀርመን አገር የመጣ የወንጌል መምህር ነበረ። በሚያዝያ 1858 ዓመተ ምሕረት ዐጤ ቴዎድሮስ ወደ እንግሊዝ ንግሥት ወደ ቪክቶሪያ ላኩት። ሚስቱና ልጆቹ ግን መያዣ ሆነው ቀሩ። ፍላድ ከጣና ዳር ተነሥቶ በመተማ ወረደ። ከዚያ ወዲያ ያለው አገር ውሃ የጐደለው፥ መንገደኛ ብዙ ቀን በግመል የሚሄድበት በረሃ ነበረ።

በነሐሴ ወር ከንግሥቲቱ ፊት ቀረበ። የተሰጠው መልስ ግን የታሰሩት አውሮጳውያን ሳይለቀቁ ንጉሡ የፈለጓቸው የእጅ ሠራተኞች እንደማይመጡ የሚያስታውቅ ነበረ። ይህም ንጉሡን እንደሚያስቈጣ ፍላድ ያውቅ ነበረ። በአውሮጳ በደኅና መቅረት ሲችል፥ በ1859 ባሕሩንና በረሃውን እንደ ገና ተሻግሮ ወደ ደብረ ታቦር አገር ተመለሰ። በሚያዝያ 1860 መቅደላ ላይ ከነቤተ ሰቡ ነጻ ወጣ።

ልጆች ሆይ፥ መልካም ወሬ ማድረስ ለሁሉ ቀላል ነው፤ የታመነ መልእክተኛ ግን የሚከብደውንም ቃል ያደርሳል።