አባ ፒየር ጉዋንና ያልተጻፈው መንቀጥቀጥ

ነሐሴ 19 ቀን 1898 ዓ.ም. አዲስ አበባ በብርቱ ተናወጠች። ከተማይቱ ከተቆረቆረች ገና ሃያ ዓመት አልሞላትም፤ ሆኖም በውስጧ የየመንግሥታቱ መልእክተኞችና ሚሲዮናውያን ስለ ነበሩ ነገሩ በጽሑፍ ሊቀር ችሏል። የመንቀጥቀጡ መነሻ በተለምዶ ከላንጋኖ ሐይቅ አካባቢ ጋር ይያያዛል። ካርታ ዘርግቶ ለሚለካ ሰው ዲላ ከላንጋኖ ያላት ርቀት አዲስ አበባ ካላት ርቀት አይበልጥም። በጌዴኦ ተራሮች ግን በዚያ ዘመን መልእክተኛ የሚቀመጥበት ከተማ አልነበረም። አንዱ ዳር ሲመዘገብ ሌላው ዳር ዝም አለ።

የዚህን ዝምታ ትርጉም ከማንም አስቀድመው በሥራ የተጋፈጡት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን አባ ፒየር ጉዋን ናቸው። ሕይወታቸው ካለፈ ብዙ ዓመት ቢሆንም፣ በአገራችን ሕንፃ የሚነድፍ መሐንዲስ ሁሉ ስማቸውን አወቀም አላወቀም የሥራቸው ተበዳሪ ነው።

አባ ጉዋን ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ከሆነው ከኬቤክ ምድር የመጡ ነበሩ። የማኅበራቸው አባላት ከጦርነቱ በኋላ በትምህርት ሥራ እንዲያግዙ በንጉሠ ነገሥቱ ተጋብዘው በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሲያስተምሩ ቆይተው፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት አመራሩን ይዘው ነበር። እሳቸውም በኮሌጁ ሳይንስ አስተማሩ። ከ1949 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ሲታወጅ፣ አዲስ አበባ ለመሬት የመግነጢስ ወገብ ቅርብ በመሆኗ የምርምር ጣቢያ እንዲቆምባት ተፈለገ። አራት ኪሎ ላይ የተቋቋመውን ጂኦፊዚካል ኦብዘርቫቶሪ አባ ጉዋን መሥርተው ሃያ ዓመት ያህል መሩት። ልብ እንበል፤ ቤቱ የተሠራው ለመግነጢስ መርፌ እንጂ ለመንቀጥቀጥ አልነበረም። ሲስሞግራፉ የመጣው ጥቂት ቆይቶ ነው።

መሣሪያው ብዙ አልጠበቀም። ሐምሌ 7 ቀን 1952 ዓ.ም. ከሻሸመኔ አቅራቢያ መጠኑ 6.3 የተገመተ መንቀጥቀጥ ተነሣ። ዓመት ሳይሞላ በግንቦት 1953 ዓ.ም. የካራቆሬ መንቀጥቀጥ መጣ፤ ማጀቴ ፈራረሰች፣ ካራቆሬ ክፉኛ ተጎዳች፣ ወደ አሥመራ የሚወስደው አውራ ጎዳና በናዳና በስንጥቅ ተበላሸ። መጋቢት 20 ቀን 1961 ዓ.ም. ደግሞ በአሰብ መንገድ ላይ የነበረችው ሰርዶ ጠፋች፤ ወደ 40 የሚጠጉ ሰዎች ሞቱ። ስለ ሰርዶ አባ ጉዋን ከባልደረቦቻቸው ጋር ጥናት ጽፈዋል።

አንድ ነገር ግልጽ ሆነ። መሣሪያ የሚናገረው ከተተከለበት ቀን ወዲህ ስላለው ብቻ ነው፤ ምድር ግን የምትሠራው በመቶ ዓመታት ነው። ስለዚህ አባ ጉዋን ከመርፌው ወደ ብራናው ዞሩ። ዜና መዋዕሎችን፣ የመንገደኞችን ማስታወሻ፣ የቆንስሎችን ደብዳቤ፣ የጋዜጣ ወሬ ሰበሰቡ። ሥራው የታሪክ ጸሐፊ ሥራ ነበር ማለት ይቻላል፦ የዘመን አቆጣጠሩን ማስታረቅ፣ አንዱ ከሌላው የቀዳውን መለየት፣ ነጐድጓድን ከመንቀጥቀጥ መለየት። ከሁሉ የሚያስቸግረው የጉዳቱ ሚዛን ነው። የብርታት መለኪያዎቹ የተዘጋጁት በድንጋይና በጡብ ለሚሠሩ የባሕር ማዶ ቤቶች ነው። የእንጨትና የጭቃ ጎጆ ተወዛውዞ ሲቆም በጭቃ የተያያዘ የድንጋይ ግንብ ይናዳል፤ እንግዲህ ቤቱን ሳያውቁ መንቀጥቀጡን መመዘን አይቻልም።

ከሰበሰቡት ውስጥ ለእኛ እጅግ የሚጠቅመው የአንኮበር ነገር ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1842 መጨረሻ የሸዋ መናገሻ የነበረችው ያች የተራራ ከተማ ዝናብ ባራሰው ቁልቁለት ላይ ሳለች ምድር ተናወጠች፤ ቤቶችም ከነአፈራቸው ተንሸራተቱ። የጎዳው መናወጡ ብቻ አልነበረም፤ ቁልቁለቱና ውሃው ተባብረውታል።

የምሥራቅ አፍሪቃን ቀንድ ጭምር የያዘው የኢትዮጵያ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1979 ኦታዋ ላይ ታተመ። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ1976 አባ ጉዋን የአገሪቱን የመንቀጥቀጥ አደጋ ቀጠናዎች ካርታ አውጥተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው የመጀመሪያው የሕንፃ ደንብ በዚያ ላይ ተመሠረተ። በ1995 እና በ2015 (ሁለቱም እ.ኤ.አ.) ደንቡ ተሻሽሏል፤ የፊተኛው በመቶ ዓመት የድግግሞሽ ጊዜ ሲሰላ የኋለኛው 475 ዓመትን ይዟል። ልዩነቱ ለምሰሶ ብረት ለሚቆጥር ሰው ቀላል አይደለም።

ካርታው ጉድለት የለውም ማለት አይደለም። መዝገቡ ቤተ መንግሥትና ወደብ ባለበት ወፍራም፣ በደቡብ ስስ ነው፤ ጸሐፊ ያልነበረበት ስፍራ ንጹሕ መስሎ ይታያል። ይህን ጉድለት የሚያውቀው ካርታውን የሠራው ነው፤ አንዳንዶቻችን ግን ነጥብ የሌለበትን ስፍራ አደጋ የሌለበት አድርገን እናነባለን።

ዲላ እንዲህ ካሉት ስፍራዎች አንዷ ናት። በስምጥ ሸለቆው ምሥራቃዊ ዳርቻ ላይ፣ ከአዋሳ ወደ ሞያሌ በሚወስደው ጎዳና በቡና ንግድ ያደገች ከተማ ናት። የ1952ቱ መንቀጥቀጥ የተነሣበት ሻሸመኔ በቀጥታ መስመር 90 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃታል። ከከተማይቱ በላይ ያለው የጌዴኦ ቁልቁለት የታወቀ ነው፤ እንሰቱ፣ ቡናውና ጥላ ዛፉ ተደራርበው አፈሩን በሥራቸው ይዘውታል። ይህ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። በዚያው ዓመት ሐምሌ በዚሁ ክልል በጎፋ ዞን ዝናብ ያመጣው ናዳ ከ200 በላይ ሰዎች ፈጅቷል፤ ያለ አንዳች መንቀጥቀጥ።

ከተማ ወደ ቁልቁለቱ ሲሰፋ አስቀድሞ የሚቆረጠው ዛፉ ነው፤ ቀጥሎ ቁልቁለቱ ራሱ ለመደብ ይቆረጣል፤ በላዩም ከቀርከሃና ከእንጨት ቤት እጅግ የከበደ የብሎኬት ፎቅ ይቆማል። የአንኮበር ሦስቱ ነገሮች፣ ማለትም ቁልቁለት፣ ርጥብ አፈርና መናወጥ፣ በአንድ ሌሊት ቢገናኙ በዲላ የሚያገኙት ከጎጆ የከበደ ነገር ነው። የቦታ ምሪት የሚሰጠው ክፍልና ንድፉን የሚያጸድቀው ባለሙያ የአፈር ምርመራውንና የተዳፋቱን ልክ ሳያዩ የሚፈርሙ ከሆነ፣ የደንቡ የድግግሞሽ ጊዜ 475 ዓመት መሆኑ ብቻውን ማንንም አያድንም። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽና በፈንታሌ አካባቢ ምድር ለወራት ስትናወጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው እንዲወጡ ተደርጓል። ዲላ ላይ ሰው ወዴት እንደሚወጣ የሚያሳይ ንድፍ ከከተማው ፕላን ጋር አብሮ መሠራት ያለበት ቁልቁለቱ በቤት ከመሙላቱ በፊት ነው።

አባ ጉዋን ኢትዮጵያን ለቀው ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላም ከዚሁ ሥራ አልወጡም። ከ1534 እስከ 1925 ድረስ በኬቤክ ደረሱ የተባሉትን መንቀጥቀጦች ከየጥንቱ ሰነድ እየፈተሹ፣ እውነቱን ከወሬው እየለዩ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 በፈረንሳይኛ ሌላ ትልቅ መጽሐፍ አሳተሙ።